አሮጌው ቦይለራችን



እንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ የገዛነው ቤት ከ30 ዓመት በላይ ያገለገለ የጋዝ ማሞቂያ ነበረው። ወደድነው። ውስጡ ወፍራም ብረት ነው፤ ኤሌክትሮኒክስ አልበዛበትም፤ ሲበላሽም ጠጋኙ በጥቂት ፓውንድ ያስነሳዋል። የሙቅ ውሃው በርሜል ያለበት ቁም ሳጥን የልጆቻችንን ልብስ ያደርቅልን ነበር። "የድሮ ዕቃ!" እያልን ለእንግዳ ሁሉ እናሞግሰው ነበር።

ጉድለቱንም እናውቃለን። ጋዝ ይበላል። እንዲህ ያሉት ቦይለሮች ከሙቀታቸው ሲሶ ያህሉን በጭስ ማውጫው ሊለቁት ይችላሉ። ፓይለት የምትባለው ትንሽ ነበልባልም በሞቃቱ ወራት ሳይቀር ሌት ተቀን ትነዳለች።

ያላሰብነው ግን ሌላ ነበር። ገንዘብ ለመቆጠብ ብለን ዓመታዊ ምርመራውን ሁለት ጊዜ አሳለፍነው። በዚያ የብርድ ወቅት ከኩሽናው አጠገብ ለጸሎት ስንሰበሰብ ራሳችንን ያመን ጀመር። የጾም ድካም መሰለን። ወደ ውጭ ስንወጣ ይተወናል። አንድ ምሽት አንዲት እኅት በቦይለሩ ትንሽ መስኮት አየችና፣ "ይሄ እሳት ለምን ቢጫ ሆነ? ሰማያዊ አልነበር እንዴ?" አለችን።

ጋዙን ዘግተን፣ መስኮቱን ከፍተን ወጣን። የመጣው ባለሙያ ጭስ ማውጫው በከፊል መደፈኑን አሳየንና ቦይለሩን አገደው። ወደ ቤት ይመለስ የነበረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ አይሸትም፣ አይታይም። አገር ቤት እናቶቻችን "ከሰል አንድዳችሁ ቤት ዘግታችሁ እንዳትተኙ" ሲሉን የኖሩት ስለዚሁ ነው። ከሰሉን እንፈራ ነበር፤ በነጭ ቆርቆሮ ተሸፍኖ ሲመጣ ግን አላወቅነውም።

አሁን ያስገባነው አዲሱ ዓይነት ከጭሱ ሙቀት መልሶ ይጠቀማል፤ በእንግሊዝ ከ2005 ጀምሮ በአብዛኛው ግዴታ የሆነው እርሱ ነው። ሂሳባችን ቀንሷል። ባለፈው ጥር ግን የውሃ ማስወገጃ ቱቦው በረዶ ሠርቶ ማሞቂያው ቆመብን፤ አሮጌው እንዲህ አድርጎን አያውቅም።

ስለዚህ እርጅናውን አንወቅስም። ያገለገለንን ማመስገን እንጂ መመርመር ያልለመድነው እኛ ነን። ቦይለራችሁ አሮጌ ከሆነ በዓመት አንዴ በጋዝ ሴፍ የተመዘገበ ባለሙያ ይየው፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያም ግዙ። ራሳችሁን ሲያማችሁ ጸልዩ፤ መስኮቱንም ክፈቱ።

በእኅታችን ዓይን ያስጠነቀቀን ጌታ ቤታችሁን ይጠብቅ።