ከገደል ማዶ የተሰማ

ድምፅ ወዳዶች በተገናኙበት ሁሉ የማይቀር ክርክር አለ፤ እስከ ዛሬ ከሰማችሁት ስፒከር የትኛው ይበልጣል የሚል። አዲስ አበባ ውስጥ በ1961 ዓ.ም. የተጀመረውን የአምሃ ሪከርድስን ሸክላዎች የሚሰበስቡ ሰዎች ይሟገቱበታል። ለንደንና ቶኪዮ ውስጥ ለዚህ ጥያቄ ሲሉ ቤት ንብረታቸውን የሚያፈሱ አሉ። ከመካነ ሰላም እስከ ከላላ ባለው የወሎ ደጋም ይነሣል፤ እዚህ የሚጠሩት ስሞች ግን ሌሎች ናቸው። አንዱ እህቱ ከጅዳ ይዛለት የመጣችውን ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ያነሣል። ሌላው መስጊዱ ላይ የተሰቀለውን ቀንድ መሳይ ማጉያ ይጠራል። ወጣቱ ለሰርግ ከደሴ በአይሱዙ ተጭኖ በመጣው ሞንታርቦ ይምላል። ዕድሜ የጠገቡት ደግሞ የሌላውን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ፣ በድንጋይ ስለሚሠራውና የቆዳ ማኅደር ስለለበሰው የፊሊፕስ ራዲዮ ያወራሉ።

እኔ ይህን ክርክር እንደ ሥራ ፈት ወሬ አላየውም። ሰው ስለሚወደው ስፒከር ሲናገር፣ ማንን መስማት እንደሚፈልግና ከምን ያህል ርቀት እንደሚፈልገው ጭምር እየተናገረ ነው። በዚህ ደጋ የሚቀርበው መለኪያ ደግሞ ከብዙ ባለሙያ መለኪያ የሚሻል ይመስለኛል። ሌላው ጋ ወሬው የሚጀምረው ከባስ ነው፤ ደረት ነቀነቀ፣ መስኮት አንቀጠቀጠ ይባላል። እዚህ የሚቀድመው «ከየት ድረስ ይሰማል?» የሚለው ነው፤ ወዲያው አስከትሎ «ቃሉስ ይለያል ወይ?» ይመጣል። ሁለተኛውን ጥያቄ ያላለፈ ስፒከር፣ የመጀመሪያውን ቢያልፍ እንኳ አይመሰገንም።

ምክንያቱ ከመሬቱ ነው። አባይና ወደ አባይ የሚወርዱት ወንዞች ደጋውን ቆራርጠውታል። ማዶ ለማዶ ሆነው የአንዳቸው ቤት ጭስ ለሌላው የሚታይ ሰዎች፣ ለመጨባበጥ ግን ገደል ወርደው ገደል መውጣት አለባቸው፤ ግማሽ ቀን የሚፈጅበት ቦታ አለ። ድምፅ በደጋ ብርድ በሰከንድ 337 ሜትር ገደማ ስለሚሄድ፣ አንድ ኪሎ ሜትር የሚሰፋውን ገደል በሦስት ሰከንድ ይሻገረዋል። የጠፋ ከብት የሚጠየቀው፣ ለቅሶ የሚነገረው፣ ደቦ የሚጠራው በድምፅ ነበር። በዚህ ያደገ ጆሮ ጩኸትንና መልእክትን ለይቶ ያውቃል።

አማርኛ ደግሞ ለማንኛውም ማጉያ ከባድ ፈተና ነው። «መጣ» እና «መታ»፣ «ቀበረ» እና «ከበረ» የሚለያዩት በቅጽበት በምታልፍ ፍንጣቂ ነው። ጠን፣ ቀን፣ ጨን ስንል ጉሮሯችንን ዘግተን አፋችን ውስጥ የታመቀውን አየር በድንገት እንለቀዋለን። ያ ፍንጣቂ የሚቆየው ጥቂት መቶኛ ሰከንድ ብቻ ሲሆን፣ አብዛኛው መለያው ያለው በድምፁ ቀጭን ክፍል ውስጥ ነው። ዝግተኛ ወረቀት ያለው ስፒከር ፍንጣቂዋ ካለፈች በኋላ ይነቃል፤ ማዶ ያለው ሰውም የመጣውን ሰው ተመታ ብሎ ሊሰማ ይችላል። የጥብቀትና የላልት ነገር ደግሞ አለ። ጥብቀት ተነባቢዋን ጥቂት ማቆየት ነው፤ ድምፁ በራሱ ላይ እየተደራረበ የሚመጣ ከሆነ የጠበቀው ከላላው አይለይም።

የወሎ ዜማ ቃል ላይ የቆመ መሆኑ ነገሩን የበለጠ ያጠብቀዋል። ባቲም ሆነ አምባሰል ስማቸው ከዚህ ምድር ነው። በወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ውስጥ ያለፈችው ማሪቱ ለገሰ አምባሰል ስታንጎራጉር፣ አድማጩ ዜማውን እየተከተለ ወርቁን ከሰሙ ለመፈልቀቅ ጆሮውን ያቆማል። አንዲት ፊደል ከጠፋችበት ወርቁ ተዘጋበት ማለት ነው። መንዙማም እንዲሁ ነው። የመሐመድ አወል መንዙማ ካሴት ሲሰማ አውጪው ብቻውን ያወርዳል፣ ተቀባዮቹ ይከተላሉ፣ ድቤው ይገባል። ጥሩ ቴፕ ድቤውን በአውጪው ድምፅ ላይ አይጭነውም፤ ሁለቱም በየቦታቸው ይቆማሉ። ቤተ ክርስቲያን በኩል ደግሞ ከበሮና ጸናጽል አሉ። ከበሮው የስፒከሩን ወፍራም ድምፅ ይፈትሻል፣ ጸናጽሉ ቀጭኑን። ርካሽ ስፒከር ላይ ጸናጽል የተበላሸ ራዲዮ ሹክሹክታ ይሆናል። ስፒከር ለመፈተን ፈልጎ ከማኅሌትና ከመንዙማ የተሻለ ነገር የሚያገኝ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ድምፅ ማጉያ ገና ከመነሻው የሰውን ቃል ለሩቅ ሰው ለማድረስ የተሠራ ነገር ነው። በዴንማርክ የተወለደው ፒተር ጄንሰንና ባልደረባው ኤድዊን ፕሪድሃም እ.ኤ.አ. በ1915 በገና ዋዜማ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ለ100,000 ያህል ሰው ንግግርና ዝማሬ አሰሙ። በ1919 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዊልሰን ሳንዲያጎ ላይ ለ50,000 ያህል ሕዝብ ሲናገሩ ድምፃቸውን ያደረሰው የእነዚሁ ሰዎች መሣሪያ ነበር። ያ መሣሪያ ቀንድ ነበረው፤ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ላይ ዛሬ የምናየው ዓይነት። ቀንድ ከራሱ ጉልበት አይፈጥርም። ትንሿ ሽፋን ከሰፊው አየር ጋር እንድትገናኝ መንገዱን ቀስ በቀስ ያሰፋላታል፤ ስለዚህ በትንሽ ኤሌክትሪክ ሩቅ ይደርሳል። የእድር ጡሩንባም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ቀንዱ ወፍራሙን ድምፅ ይጥላል፣ ሙዚቃን ያቀጥናል፤ ቃልን ግን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ የመስጊዱን ማጉያ ከሁሉ ያስቀደመው ሰው በከንቱ አልተከራከረም።

የፊሊፕሱ ራዲዮ ሌላ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1925 ጄኔራል ኤሌክትሪክ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ፣ በማግኔት መካከል የሚንቀሳቀስ ጥምዝ ሽቦ ከወረቀት ሾጣጣ ጋር ያጋጠመ ስፒከር አሳዩ። ከዚያ ወዲህ በቴፕ፣ በራዲዮ፣ በሚኒባስ በር ላይ ያየነው ስፒከር ሁሉ በመሠረቱ ያው ነው። በዚያ የቆዳ ማኅደር ውስጥ የነበረው ከመዳፍ የማይሰፋ ወረቀት ነበር። ባስ የሚባል ነገር አልነበረውም። ግን ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ራዲዮ ሲተርክ፣ በአንድ ራዲዮ ዙሪያ የተቀመጠ ሰፈር የጉዱ ካሣን ድምፅ ከፊታውራሪ መሸሻ ድምፅ ለይቶ ይሰማ ነበር። ያ ሁሉ ሰው የሚሰማው የጎጃምን ታሪክ ነው፤ ጎጃም ደግሞ ለመካነ ሰላም ሰው ከአባይ ማዶ የሚታይ አገር ነው። ድንጋዩ ሲደክም ድምፁ ይጎረብጣል፤ ያን ጊዜ ድንጋዩ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ማታ ተመልሶ ይገባል፣ ትረካው እስኪያልቅም ያደርሳል። እነዚያ አረጋውያን ያንን ራዲዮ ከማናቸውም ስፒከር ሲያስበልጡ የወጣትነት ትዝታ ብቻ አሳስቷቸው ነው አልልም። ትንሽ ወረቀት ቀላል ናት፤ ቀላል ነገር ቶሎ ይነሣል፣ ቶሎ ይቆማል። የወጋየሁ ቀ እና ጠ ሳይደበዝዙ ይወጡ ነበር።

በውጭ አገርም አንጋፋ አድማጮች ስለ ምርጡ ስፒከር ሲጠየቁ፣ ብዙ ጊዜ የሚጠሩት ትልቁን ወይም አዲሱን አይደለም። ፒተር ዎከር የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1957 ኳድ የተሰኘውን ስፒከር ለገበያ አወጣ፤ እስከ 1985ም ሲሠራ ቆየ። ወረቀትም ጥምዝ ሽቦም የለው፤ በሁለት ቀዳዳማ ሰሌዳዎች መካከል የተወጠረ ስስ ፕላስቲክ በኤሌክትሪክ ስበት ይንቀጠቀጣል። ባሱ ደካማ ነው፣ በጣም አይጮኽም፣ ሰርግ ላይ ቢቀርብ ማንም አያየውም። የሰውን ድምፅ ግን ሰውየው ክፍሉ ውስጥ የቆመ እስኪመስል ድረስ ያወጣል። ቢቢሲም በ1970ዎቹ ለጠባብ የስርጭት መኪኖች ብሎ ኤልኤስ 3/5ኤ የተባለ፣ ቁመቱ 30 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ ትንሽ ስፒከር ሠራ። መሐንዲሶቹ ሲያስተካክሉት አንዱ ዋና መመዘኛቸው የሕያው ሰው ንግግር ነበር። የከላላው ሽማግሌና የቢቢሲው መሐንዲስ ሳይተዋወቁ አንድ ጥያቄ ጠይቀዋል።

ስለ ርቀት ግን ተከራካሪዎቹን አንድ ነገር ማሳሰብ እወዳለሁ፤ «ሦስት ተራራ አልፎ ተሰማ» የሚባለው ምስክርነት በሰዓት መመርመር አለበት። ቀን ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ፣ ከታች ያለው አየር ሞቃት፣ ከላይ ያለው ቀዝቃዛ ይሆንና ድምፅ ወደ ሰማይ ይታጠፋል፤ ጥቂት ራቅ ብሎ የቆመ ሰው ምንም አይሰማም። ሌሊትና ጎሕ ሲቀድ ነገሩ ይገለበጣል። መሬት ላይ ያለው አየር ይቀዘቅዛል፣ ድምፅ ወደ ታች ይታጠፋል፣ ነፋሱም ይተኛል። ያን ጊዜ የሱብሒ አዛንና የሰዓታት ዜማ ገደል ለገደል ይሻገራሉ። ስለዚህ የሌሊት ማኅሌት ያስተላለፈን ማጉያ ቀትር ላይ ከተከፈተ የሰርግ ሞንታርቦ ጋር ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ግማሹን ሥራ የሠራው አየሩ ነውና።

ሌሊቱ ሌላም ነገር ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1994 ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎች ስፒከሮችን አንድ ጊዜ እያዩ፣ አንድ ጊዜ በመጋረጃ ተጋርደውባቸው እንዲመዝኑ አደረጉ። እያዩ ሲሰሙ ትልቁና ውዱ ስፒከር ሞገስ አገኘ፤ መጋረጃው ሲወርድ ግን ያ ሞገስ ከሰመ። ዓይን በጆሮ ፈንታ ፈርዶ ነበር። በጨለማ ከገደል ማዶ የሚሰማ ገበሬ ይህ መጋረጃ ሁልጊዜ ተጋርዶለታል። የሳጥኑን መጠን አያይም፣ ዋጋውን አያውቅም፣ የፋብሪካውን ስም አያነብም። የሚደርሰው ቃሉ ብቻ ነው። እኔ ፍርዱን የማከብርለት ለዚህ ነው።

ዛሬ የሚያሳስበኝ ይህ ጆሮ እንዳይጠፋ ነው። ሙዚቃው በፍላሽና በሚሞሪ ይመጣል፤ ያ ደግ ነው፣ ካሴት እንደሚያረጀው አያረጅም። ሰርጉ ላይ ግን ሞንታርቦው እንደ ግንብ ተደርድሮ፣ ጄኔሬተሩ አጠገቡ እያጓራ፣ ባሱና ኢኮው እስከ መጨረሻው ተከፍተው አንዲት ስንኝ የማትለይበት ጊዜ በዝቷል። ሞንታርቦውን የሚያጫውቱት ልጆች ዋት ሲጨምሩ ድምፅ የሚጨምር ይመስላቸዋል። ጉልበትን እጥፍ ማድረግ የሚጨምረው ሦስት ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ እጥፍ ሆነ እንዲል አሥር እጥፍ ገደማ ይፈለጋል። ርቀት ደግሞ ይበላዋል፤ ሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ስድስት ዴሲቤል ይቀንሳል። 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ፣ ያው ስፒከር እዚህ ትንሽ ይደክማል። ልጁ ይህን ለማካካስ ቁልፉን ያጦዘዋል፤ አምፕሊፋየሩ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ድምፁ ይሰነጠቃል፤ መጀመሪያ የምትቃጠለውም ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትዊተር ናት። ከዚያ በኋላ የቀረው ባስ ነው፤ ጠ እና ቀ አብረዋት ተቃጥለዋል።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። ስፒከሩ ከሰው ራስ በላይ ከፍ ይበል፤ መሬት ላይ ሲቀመጥ የፊተኛው ረድፍ ሰው ገላ ቃሉን ይውጠዋል። አንድ ቦታ ከሚቆለል ዳሱ ዳርና ዳር ተከፋፍሎ በዝግታ ይሰማ። ግጥም ለሚያወርድ ሰው ኢኮው ይዘጋ።

ይህን በዓይኔ ያየሁት በቅርቡ እዚያው አካባቢ በተደገሰ አንድ ሰርግ ላይ ነው። መሰንቆ የያዘ ሰው ማይክ ፊት ቆሞ ግጥም ያወርዳል፤ ዳሱ ሙሉ ሰው ያጨበጭባል፤ ምን እንዳለ ግን ማንም አልሰማም። አንድ አባት ከመቀመጫቸው ተነሥተው በከዘራቸው እየተደገፉ ዲጄው ዘንድ ሄዱ።

«የኔ ልጅ፣ ይቺን የምታስተጋባዋን ነገር ዝጋልን እስቲ።»

«እሺ አባባ፤ ግን ድምፁ ይቀጥናል።»

«ይቅጠን ግድ የለም፤ ሰውየው የሚለውን እንስማ።»

ልጁ ኢኮውን ዘጋ፤ ባሱንም ወደ ግማሽ መለሰው። መሰንቆው ቀጠነ፣ ሰውየውም የሙሽራዋን አባት በሰምና ወርቅ አወደሳቸው። የመጀመሪያው ሳቅ የተነሣው ከፊት ሳይሆን ከዳሱ ዳር፣ በር ላይ ከቆሙት ዘንድ ነበር። ከማጀት በኩል ወጥ የሚሠሩት ሴቶች «ድገመው!» አሉ። ደገመው።