ከፓሪስ መንገድ ለሰቆጣ

ዢዞር፣ ፈረንሳይ
ሰኔ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

የአያቴ ዓይን ተሻላት ወይ? ስልኩ እየተቆራረጠ ወሬዬን ግማሽ ላይ ስለሚያስቀረው፣ ሰሞኑን አዲስ አበባ በሚገባ ሰው እጅ ይህን ልኬልሻለሁ። ጋሼ ሲያነብልሽ አይቸኩል።

ከምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ባልደረቦቼ ጋር ከለንደን በብስክሌት ተነስተን ኒውሄቨን የሚባል ወደብ ደረስን። እዚያ መርከብ ገባን። ሆዱ ውስጥ የጭነት መኪና ሁሉ ይጭናል፤ ብስክሌቶቻችንን ጎን ለጎን በገመድ አሰሩልን። አራት ሰዓት ያህል በባሕር ተጉዘን ዲየፕ ወረድን፤ ፈረንሳይ ናት። ለንደንን ከፓሪስ የሚያገናኘው ይህ የብስክሌት መንገድ በጠቅላላው ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ከዲየፕ ወጣ እንዳልን እስከ ፎርዥ ሌዞ ድረስ ያለው ድሮ የባቡር ሐዲድ ነበር። ሐዲዱን አንስተው፣ አስፋልት አልብሰው፣ ለብስክሌትና ለእግረኛ ሰጥተውታል። እንደ ምጣድ ልሙጥ ነው። ግራና ቀኙ ሣር፣ ሣሩ ውስጥ ጡታቸው የተንዠረገገ ላሞች። አባዬ ቢያያቸው ብዬ አሰብሁና ወዲያው ሆዴ ፈራ። በዝቋላና በሰሃላ ድርቁ ከብቱን ፈጀው ሲባል እዚህ ድረስ ሰምቻለሁ። የኛ በሬዎችስ? ፍየሎቹስ ስንት ቀሩ? ዝናቡ ጣለ ወይ?

የሰኔ ጾም ሰኞ ስለገባ መንገዱን የምሄደው እየጾምሁ ነው፤ አገሩ ግን የቅቤና የአይብ አገር ነው። ኔፍሻቴል በምትባል ከተማ አይቡን በልብ ቅርጽ ሠርተው ይሸጡታል። ባልደረቦቼ እሱን ሲበሉ እኔ ዳቦ በቲማቲም ያዝሁ። ከአንድ ጠርሙስ ውኃ ጋር 9 ዩሮ! በባንክ ሂሳብ ከ500 ብር በላይ ነው። አንዲት ስኒ ቡና፣ በሁለት ጉንጭ የምታልቅ፣ 2 ዩሮ፤ 120 ብር ማለት ነው። ያውም አንዴ ቀድተው ሰጡሽ፣ አለቀ፤ ሁለተኛም በረካም የለ። ጤፍ ሰቆጣ ገበያ ስንት ገባ? ማሽላውስ? ዋጋውን አሳንሳችሁ አትንገሩኝ።

የያዘኝ እትዬ የላከችልኝ በሶ ነው። ጠዋት በማርና በውኃ በጥብጬ በጠርሙስ ይዤው እወጣለሁ። እነሱ በየመንገዱ ከትንሽ ላስቲክ የሚመጠጥ ጣፋጭ ነገር ይገዛሉ፤ አንዱ 2 ዩሮ ነው። የመጦሪያችን ወጥ ሠሪ በሶዬን ቀምሶ ወደደው፤ አሁን የእሱንም ጠርሙስ የምሞላው እኔ ነኝ። እትዬን አመስግኑልኝ።

ከፎርዥ ወዲህ ደልዳላው መንገድ አልቆ ዳገት ቁልቁለት ሆነ። ተራራ ነው ይሉኛል። የዋግን ገደል ላየ ሰው ጉብታ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ሰቆጣ ላይ ያደገ ሳንባ ነው የተሸከምሁት! ማርሹን አቅልዬ ወንዶቹን አልፌ ወጣሁ። አናት ላይ ቆሜ ስጠብቃቸው፣ ኢትዮጵያውያን ሯጮች መሆናችሁን እንጂ ብስክሌት መንዳታችሁን አላወቅንም አሉኝ። አገራችን መጀመሪያ ኦሊምፒክ የሄደችው በ1949 ሜልበርን እንደሆነ፣ ያኔም እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት እንደተወዳደሩ፣ በ2008 ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እንደሆነ ነገርኋቸው።

ትናንት ግን አንዲት ትንሽ ከተማ ዳቦ ቤት ውስጥ ተሰልፌ ሳለሁ ሻጯ እኔን እያየች ከኋላዬ ያሉትን አስተናገደች። ተራዬ ነው ብዬ በእጄ ባሳያት በሩን ጠቆመችኝ። አብራኝ የምትሠራው ነርስ የገዛችውን ዳቦ መልሳ ባንኮው ላይ አስቀምጣ እጄን ይዛኝ ወጣች። እዚያ አላለቀስሁም። ማታ ግን ሆዴ ባባ። የማታውቂውን መንገደኛ አስገብተሽ፣ ውኃ አሙቀሽ እግሩን ታጥቢ የነበረው ትዝ አለኝ። እኛ ቤት የተጠጉት ተፈናቃዮች አሁንም አሉ? ልጃቸው ትምህርት ጀመረች?

ስለ ገንዘቡ ደግሞ ጠይቀሽኝ ነበር። የምንሰበስበው የማይድን ሕመም የያዛቸው ሕፃናት ከነወላጆቻቸው ለሚያርፉበት ቤት ነው። እንግሊዝ ውስጥ እንዲህ ያሉ ቤቶች ከመንግሥት የሚያገኙት ጥቂቱን ነው፤ የሚበዛው ከሰው እጅ የሚመጣ ነው። እያንዳንዳችን ይህን ያህል አመጣለሁ ብለን ቃል ገባን፤ የሚያውቀን ሰው ደግሞ ፓሪስ ከደረስሽ ይህን እሰጣለሁ ብሎ ይፈርማል። ግብር ከፋይ 1 ፓውንድ ሲሰጥ መንግሥት 25 ፔንስ ይጨምርበታል። ከምጦራቸው አሮጊቶች አንዷ ከቦርሳቸው 5 ፓውንድ አውጥተው፣ ጉልበትሽን ጠብቂ ብለው መረቁኝ። የጽዋ ማኅበርተኞቼም አላሳፈሩኝም፤ ቃል ከገባሁት በላይ ሞልቶልኛል።

ይህን ጋሼ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብልሽ። መርከቡ ላይ የመጦሪያው ጥገና ሠራተኛ፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው፣ የትውልድ አገሬን ጠየቀኝ። ሰቆጣ ስለው አላወቃትም። ኮረም ስለው ስኒውን አስቀመጠ። ጥቅምት 1977 ቢቢሲ የኮረምን ረሃብ ሲያሳይ ከእናቱ ጋር አይቷል። በዚያው ዓመት ሐምሌ፣ ዌምብሌይ ስታዲየም ላይቭ ኤይድ የተባለው ኮንሰርት ሲደረግ፣ ልጅ ሆኖ ጋዜጣ እያዞረ ያገኘውን ገንዘብ ልኳል። እናቴ ያኔ ከሰቆጣ በእግራቸው ኮረም ከደረሱት አንዷ ናት አልሁት። የተሰጠሽ ብርድ ልብስ ዛሬም ሣጥን ውስጥ እንዳለ ነገርሁት። ዓይኑ እንባ ሞላ።

እማዬ፣ ስለ ኮረም ስታወሪ ሁልጊዜ አንገትሽን ትደፊ ነበር። ከእንግዲህ እንደዚያ አታውሪው። የዚያ ሰው የልጅነት ሳንቲም አንቺ ዘንድ ደርሶ ይሆናል፤ አንቺ ተርፈሽ እኔን ወለድሽ፤ እኔ ደግሞ ዛሬ ለእሱ አገር ሕፃናት ፔዳል እመታለሁ። የእኛ መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት በ2007 የገባውን ቃል የሰቆጣ ቃል ኪዳን ብሎ ሰይሞታል። ቃሉ እንዲፈጸም እጸልያለሁ። እኔ ግን ሰቆጣ ስትጠራ የሚራቡባት ብቻ ሆና እንድትቀር አልፈልግም። የምትሰጥም አገር ናት፤ አንቺን አይቻለሁ።

አሁን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው፤ ፀሐይ ገና አልገባችም። ባልደረቦቼ ታች ተሰብስበው ይሳሳቃሉ። ደጎች ናቸው፤ ግን እራት በላሽ ወይ፣ ለምን ቀነስሽ ብሎ የሚቆጣ የለም። ያረፍንባት ከተማ ኮረብታ ላይ የድሮ ምሽግ አላት፤ ሰዎቿ በእሱ ሲኮሩ ከድንጋይ ስለተፈለፈለው ስለ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ አጫወትኋቸው። ስትሳለሚ ስሜን ጥሪልኝ።

ነገ ፓሪስ እንገባለን። ባንዲራዬን ቦርሳዬ ውስጥ ይዣለሁ፤ ኢፍል ማማ ሥር እይዘዋለሁ። ይህን ደብዳቤ በሚያደርስልሽ ሰው እጅ 200 ፓውንድ አለ። ከእሱ ላይ ለተፈናቃዮቹ ልጅ ደብተርና ጫማ ግዙላት፤ ቀሪው ለአያቴ ሕክምና ይሁን። እህቴ ሐምሌ ላይ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ትቀመጣለች፤ እስከዚያ ውኃ አታስቀዷት፣ ታጥና።

ጋሼ፣ ይህ ላንተ ነው። ወልድያ ያለው ታናሻችን ከፋሲካ ወዲህ ስልኬን አላነሳም። መንገዱ ተዘግቶ ነው፣ ስልኩ ጠፍቶ ነው፣ ወይስ ሌላ ነገር አለ? እማዬ እንዳትሰማ ብለህ ከእኔም አትደብቅ። ክፉም ቢሆን በዚያው ሰው እጅ ጽፈህ ላክልኝ።

ናፋቂ ልጅሽ