ዮንከርስ፦ ወንዟን ከአስፋልት ሥር ያወጣች ከተማ

ከማንሃተኑ ግራንድ ሴንትራል ጣቢያ የተነሳ ባቡር የሃድሰንን ወንዝ በስተግራ እያሳየ ወደ ሰሜን ይጓዝና በግማሽ ሰዓት ገደማ ዮንከርስ ይደርሳል። ከጣቢያው ወጥቶ ጥቂት የተራመደ ሰው ላርኪን አደባባይ ላይ ውሃ በድንጋዮች መሀል እየተንደረደረ ሲወርድ ያያል። ሶው ሚል የተባለው ወንዝ ነው። ዘጠና ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ እዚህ ቦታ ላይ የሚታየው የቆመ መኪና ብቻ ነበር።

ከተማዋን ያቆማት ይኸው ወንዝ ነው። መጀመሪያ የእንጨት መሰንጠቂያና የእህል ወፍጮ፣ ኋላም የባርኔጣና የምንጣፍ ፋብሪካ በዳርቻው ተተከለ። ኤሊሻ ኦቲስ እ.ኤ.አ. በ1853 የአሳንሰር ሥራውን የጀመረው ዮንከርስ ነው፤ ያለ አሳንሰር ደግሞ የማንሃተን ሰማይ ጠቀስ ፎቆች ባልታሰቡም ነበር። ፋብሪካዎቹ ግን ቆሻሻቸውን ወንዙ ውስጥ ይደፉ ነበር። ግማቱና ጎርፉ ያስመረራት ከተማ በ1920ዎቹ ወንዙን በኮንክሪት ደፍና ከላዩ መኪና ማቆሚያ ሠራችበት።

ሥራውም ቢሆን አልቆየላትም። የአሌክሳንደር ስሚዝ ምንጣፍ ፋብሪካ በ1954 ተዘግቶ ወደ ደቡብ ሄደ። የኦቲስ አሳንሰር ኩባንያም እንዳይሄድ ከተማዋ በሕዝብ ገንዘብ የማስፋፊያ መሬት አመቻችታለት ነበር፤ እሱም በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዘግቶ ወጣ። ፍርድ ቤት ገተረችው፤ ተረታች።

ወንዙን የመክፈቱ ቁፋሮ የተጀመረው በ2010 መጨረሻ ነው። መሐንዲሶቹ የድሮውን ቱቦ ለጎርፍ መተላለፊያ ትተው፣ ከጎኑ አዲስ የወንዝ መውረጃ አበጁ፤ ድንጋይ ደረደሩበት፣ የአገሩን ተክል ተከሉበት። ከሁሉ የሚገርመኝ ለዓሣ የሠሩት መወጣጫ ነው። የአሜሪካ ኢል፣ ያ እባብ መሰል ዓሣ፣ የሚፈለፈለው ርቆ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ነው። ጫጩቱ እንደ መስታወት ውስጡ የሚታይ፣ ከጣት የማይረዝም ፍጥረት ነው፤ በሃድሰን በኩል ገብቶ የልጅነት ዘመኑን የሚያሳልፍበት ንጹሕ ውሃ ይፈልጋል። ዛሬ ከተማው እምብርት ላይ፣ አውቶቡስ ከሚጠብቁ ሰዎች ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ ያንን ውሃ ያገኛል። እንዲህ ያለ ልማት ሳይ ልቤ ይሞላል።

የቀረውም ሠፈር ነፍስ ዘርቷል። ከኦቲስ ሕንፃዎች አንዱ ከ2002 ጀምሮ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ በሌላው የጃፓኑ ካዋሳኪ ለኒው ዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ፉርጎ ይገጣጥማል። አንድ የስኳር ማጣሪያም ሃድሰን ዳር እስካሁን ይሠራል። በዙሪያው ደግሞ ሃድሰንን የሚመለከቱ ባለ ብዙ ፎቅ አፓርታማዎች በቅለዋል፤ አብዛኞቹ የማንሃተን ኪራይ ለከበደው ተመላላሽ የታሰቡ ናቸው።

ጭንቀቴ እዚህ ላይ ነው። ዮንከርስ ለአሥርት ዓመታት የድሆች መኖሪያ ቤቶችን ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ በደቡብ ምዕራቡ ክፍሏ፣ ማለትም በዚሁ የወንዝ ዳር አካባቢ ስታጭቅ ኖራለች። ዳኛ ሊዮናርድ ሳንድ በ1985 ይህ ሆን ተብሎ ጥቁሮችንና ላቲኖዎችን ለመለየት የተደረገ መሆኑን ፈረዱ፤ በሌሎች ሠፈሮችም እንዲህ ያሉ ቤቶች እንዲሠሩ አዘዙ። የከተማዋ ምክር ቤት በ1988 ትእዛዙን አልፈጽምም ቢል በየቀኑ እጥፍ የሚሆን ቅጣት ጣሉበት፤ ከተማዋ ልትከስር ስትል እጁን ሰጠ። ክርክሩ በስምምነት የተቋጨው በ2007 ነው።

ያኔ ማንም ያልፈለገው የወንዝ ዳር አሁን ውድ ሆኗል። በክፉው ዘመን እዚያው የቆዩት ቤተሰቦች በደጉ ዘመን በኪራይ ተገፍተው ሊወጡ አይገባም። ከተማዋ ለአልሚዎች የግብር እፎይታ ትሰጣለች፤ እፎይታው ለእነዚህ ቤተሰቦች አቅም የሚመጥኑ ቤቶችን እዚያው ወንዙ ዳር በሚሠራ አልሚ ብቻ ሊወሰን ይገባል።