ለቀይ አፈር የሚሆን ቦት

ስልኩ የተደወለው በ2010 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ ነበር። ደዋዩ የአጎቴ ልጅ ነው፤ ያን ጊዜ አሥራ አምስት ዓመቱ። ጤናዬን ሦስት ጊዜ፣ ሥራዬን ሁለት ጊዜ ጠይቆ፣ የዝናቡን ነገር ነግሮኝ ሲያበቃ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወንድምዓለም፣ ስትመጣ ቦት ጫማ ይዘህልኝ ና» አለኝ። ለምን እንደፈለገው ስጠይቀው «ለፈረሶቹ» አለ። ፈረስ ቦት አጥልቆ ታየኝና ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

መርካቶ ሄድኩና ዓይኔ የወደደውን ገዛሁ፦ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ አፉ ዙሪያ ቢጫ መስመር ያለው፣ ቀላል። ቀላልነቱን እንደ ጥሩ ነገር ቆጠርኩት። የእግሩን ቁጥር ስላልጠየቅሁ በግምት 42 አልኩ። ሻጩ «ውኃ የሚባል አያስገባም» አለኝ፤ በዚህ አልዋሸም።

ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የዓባይን በረሃ ወርዶ ደጀን ላይ የወጣ መንገደኛ ክረምት ከሆነ ግራና ቀኙ ጥቁር መሬት ነው፤ የጤፍ አገር። ዝናብ ሲጠግብ እንደ ሊጥ ይሆንና የገባበትን እግር አልለቅ ይላል። ወደ ደብረ ማርቆስ ሲጠጉ ደግሞ እዚህም እዚያም ቀይ አፈር ብቅ ይላል፤ በተቆረሰ ገደል ላይ፣ በመንገድ ዳር ቦይ ውስጥ፣ በቤቶች ግድግዳ ላይ። ከተማዋ ድሮ መንቆረር ነበረች፤ ደብረ ማርቆስ የተባለችው በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ነው። ሽማግሌዎች ሲጨዋወቱ አሁንም መንቆረር የሚለው ስም ያመልጣቸዋል።

የአጎቴ ቤት ከከተማው ወጥቶ ወደ ጮቄ ተራራ በሚወስደው መንገድ፣ ረቡዕ ገበያ ሳይደረስ ነው። ሐምሌ ላይ እዚያ ፀሐይ የሚባል ነገር በወሬ ነው። ጉሙ ጠዋት ከገብሱ ማሳ ተነስቶ እደጁ ድረስ ይመጣል፤ ሰው ገሳውን ደርቦ፣ ከብቱ ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ ይቆማል።

የጎጃም ፈረስ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው እንጅባራ ነው፤ ጥር 23 ቀን፣ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል፣ ያጌጠ ኮርቻ፣ አቧራው፣ እልልታው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ማኅበር ነውና ሊያኮራ ይገባል። እኔ የማወራው ግን ስለ ሐምሌ ፈረስ ነው። የሐምሌ ፈረስ ድንች ተሸክሞ ገበያ ይወርዳል፤ የታመመ ሰው ጭኖ ጤና ጣቢያ ያደርሳል፤ ማታ ጋጣው ውስጥ ገብቶ ያድራል፤ ጠዋት ፋንድያው መዛቅ፣ ጉዝጓዙ መለወጥ፣ ኮቴው መታየት አለበት። እርጥብ ላይ ቆሞ የሚያድር ፈረስ ኮቴው ይላሽቅና መሽተት ይጀምራል። ስለዚህ በየቀኑ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ አራቱንም እግሮች እያነሳ ጭቃውን ይጭራል። ያ ሰው የአጎቴ ልጅ ነው። ስደርስ ያገኘሁት እዚያው ጋጣ ውስጥ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ በባዶ እግሩ ነበር።

ቦቱን ሲያይ ፊቱ በራ። ወዲያው አጠለቀው፤ ሰፋው። ምንም አይደለም አለና እንዳየው ብሎ ፈረሱ ላይ ወጣ።

እዚህ ላይ ስለ እርካብ ትንሽ ማለት አለብኝ። የድሮ አበሻ ፈረሰኛ በባዶ እግሩ ነበር የሚጋልበው፤ እርካቡም የእግር አውራ ጣት ብቻ የምታስገባ ትንሽ የብረት ቀለበት ነበረች። አባ ታጠቅ፣ አባ በዝብዝ፣ አባ ዳኘው እያልን በፈረስ ስማቸው የምንጠራቸው ነገሥታት ዘመን የነበረ ወታደር ጫማ ቢያደርግ ኖሮ እግሩን የሚያሳርፍበት አልነበረውም። አጎቴ ቤት ከአያታችን የቀረ እንዲህ ያለ ቀለበት ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል። አሁን የሚጠቀሙበት እርካብ ሰፋ ያለ ነው፤ ቢሆንም ለጎማ ቦት የታሰበ አይደለም።

ልጁ የቦቱን አፍንጫ ገፍቶ ገፍቶ አስገባው። ግቢውን አንድ ጊዜ ዞረ። ሊወርድ ሲል ግን በጎርባጣው ሶል ምክንያት ቦቱ እርካቡ ውስጥ ተቀረቀረ። ፈረሱ ደንግጦ ወደ ጎን ዘለለ። አጎቴ «ያዘው!» ብለው ሲጮኹ ልጁ ጭቃው ላይ በጀርባው ወድቆ ነበር፤ ቦቱ ብቻ እርካቡ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። እግሩ ሾልኮ የወጣው እኔ ቁጥር ሳላውቅ ስለገዛሁ ነው። አጎቴ ልጓሙን ይዘው ፈረሱን ካረጋጉ በኋላ ወደኔ ዞረው «አለማወቅህ በጀው» አሉኝ። በልኩ ቢሆን ኖሮ ፈረሱ እየጎተተው ይሄድ ነበር።

በሳምንቱ ያ የሚያብረቀርቅ ቦት ቁርጭምጭሚቱ ላይ፣ በሚታጠፍበት ቦታ፣ እንደ ደረቀ ኩበት ተሰነጠቀ።

ጋጣ ከሚጸዳበት ቦታ ፊት ለፊት፣ በረንዳው ላይ፣ ሁላችንም እታለም የምንላቸው አክስቴ ይቀመጣሉ። ቀሚሳቸው መሬት ይጠርጋል። እንዲህ ረጅም ቀሚስ የሚለብሱት ለጌጥ አይደለም፤ ከጉልበታቸው በታች ሁለቱም እግራቸው አብጧል። ዝሆኔ ነው። በወጣትነታቸው ተድረው ነበር፤ እብጠቱ ሲጀምር የባላቸው ቤተሰብ «ዘሩ ነው» ብሎ መለሳቸው። ከዚያ ወዲህ ወንድማቸው ቤት ናቸው። ሲነሳባቸው ትኩሳትና ብርድ ብርድ እያላቸው ለቀናት ይተኛሉ። ቤተ ክርስቲያን እንኳ የሚሳለሙት ሰው ሳይበዛ፣ ገና ሳይነጋ ነው።

እኔም ልጅ ሆኜ የሰማሁት እርግማን ነው፣ ሙት መንፈስ ነው፣ እባብ የረገጠው ነው የሚል ነበር። እውነቱ ከእግራችን ሥር ያለው አፈር ነው። በቆላ አገር በትንኝ የሚተላለፍ ሌላ ዓይነት ዝሆኔ አለ፤ የደጋው ግን ትንኝ አያስፈልገውም። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ከእሳተ ገሞራ ዐለት የተገኘው ቀይ ሸክላ አፈር እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች አሉት፤ ለዓመታት በባዶ እግሩ በሚረግጠው ሰው ቆዳ ውስጥ ገብተው ፈሳሽ የሚመላለስባቸውን ቀጫጭን ቧንቧዎች ያቆስላሉ። ይህን በኢትዮጵያ አጥንቶ ያስረዳው ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት በደብረ ኤልያስና በደንበጫ ወረዳዎች ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ሰዎች 3.3 በመቶው ይህ በሽታ እንዳለባቸው አሳይቷል። ከመቶ ሰው ከሦስት በላይ ማለት ነው፤ አንድ ሠርግ ላይ ስንት እንደሚሆን አስቡት።

«ዘሩ ነው» ያሉት ሰዎች ግማሽ እውነት ነበራቸው፤ የጎዳንም ያ ግማሹ ነው። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት ተጋላጭነቱ በዘር የሚወረስ መሆኑን አረጋግጧል። የሚወረሰው ግን ተጋላጭነቱ እንጂ በሽታው አይደለም። እግሩ አፈር ያልነካ ሰው፣ የማንም ዘር ቢሆን፣ አይዘውም። ይህን ሳውቅ ያ ልጅ በባዶ እግሩ ጋጣ ውስጥ ቆሞ ታየኝ። የእታለም ወንድም ልጅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ያንኑ ቀይ አፈር ይረግጣል። ቦቱን «ለፈረሶቹ» ማለቱ እንግዲህ ልክ አልነበረም። ፋንድያው ራሱ ሌላ ጣጣ አለው፤ የቴታነስ ጀርም በአፈርና በፈረስ ፋንድያ ውስጥ ስለሚኖር አንድ ምስማር ወይም እሾህ መንጋጋ ቆልፍ ለማምጣት ይበቃል።

ቅዳሜ ዕለት ከአጎቴና ከልጁ ጋር ደብረ ማርቆስ ገበያ ወረድን። አጎቴ ከማግባታቸው በፊት ከተማ ውስጥ ጋሪ ነድተዋል፤ ስለ ፈረስና ስለ ጭቃ የሚሰጡት ብይን ይግባኝ የለውም። ሱቁ በር ላይ ቦቶች እንደ ሽንኩርት ተጠምደው ተሰቅለዋል። አጎቴ አንዱን አወረዱና ቁርጭምጭሚቱ ላይ አጥፈው ያዙት። የታጠፈበት ቦታ ነጭ መስመር ሆነ፤ ሲለቁትም ነጩ አልጠፋም። መለሱት። ሁለተኛውን አጠፉ፤ መለሱት። ሻጩ «አባት፣ ሊገዙ ነው ሊሰብሩ?» ሲል «ዛሬ ካልሰበርሁት ነሐሴ ላይ ይሰብረዋል» አሉት።

ሁለት ዓይነት አለ። እውነተኛው ጎማ ይከብዳል፣ ሽታው የመኪና ጎማ ሽታ ነው፣ ጠዋት በብርድ አይደርቅም፤ ሲቀደድ ጎሚስታ ዘንድ ወስዶ እንደ ካላማደሪያ ማስለጠፍ ይቻላል። ፕላስቲኩ ይቀላል፣ በርካሽ ይገኛል፣ የፈረስ ሽንትም ቶሎ አይበላውም፤ ግን ጮቄ ግርጌ በማለዳ እንደ ቆርቆሮ ይገግማል፣ ከተሰነጠቀም በኋላ ማስቲሽ አይዘውም። ዋጋቸውን ጠየቅን፤ የጎማው እጥፍ ሆነ። ለእኛ አገር ብርድ የጎማው ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ገንዘቡ ያለው ሰው አያመንታ። እኛ ሦስት ጥንድ ማሰብ ነበረብንና ወፍራሙን ፕላስቲክ፣ ታጥፎ ነጭ ያላወጣውን፣ ገዛን።

አጎቴ እጃቸውን ውስጡ ሰደው መገጣጠሚያና እብጠት መኖሩን ዳሰሱ። ሶሉን በአውራ ጣታቸው ተጫኑ። ቁመቱን ልጁ ባት ላይ ለኩ፤ ጉልበት የሚደርሰውን አልፈለጉም፣ ጎንበስ ብሎ ኮቴ የሚያነሳ ሰው ጉልበቱ መታጠፍ አለበትና። ከዚያ ልጁን ወፍራም ካልሲ አስደርገው አስለኩት፤ ቆሞ እግሩን ሲያወናጭፍ በትንሽ ትግል መውለቅ አለበት አሉ። ከእርካቡ የተማርነው ነው። ለግልቢያ ግን ቦት ከናካቴው ቀረ፤ ለዚያ ሶሉ ለስላሳ፣ ተረከዙ ከፍ ያለ የቆዳ ጫማ ይበቃል።

በአንድ ነገር አልተስማማንም። አፍንጫው ላይ ብረት ያለበት ቦት ነበር። እኔ እሱ ይሁን አልኩ። አጎቴ «ፈረስ እግርህን የሚረግጥህ የማይቆምበት ቦታ ስትቆም ነው» ብለው አስቀሩት። በልጅነቴ የግራ አውራ ጣቴን ጥፍር የነቀለው የእሳቸው ፈረስ መሆኑን አላስታወስኳቸውም። ዛሬም ተሳስተዋል እላለሁ።

ለእታለም የሚሆን ቦት ፈልገን አጣን። ባታቸው የሚገባበት አልነበረም፤ ቢገባም ጎማው ያበጠ እግር አፍኖ ቆዳውን ያበላሻል። ለእሳቸው የሚሆነው ሰፊ፣ አየር የሚያስገባ፣ በልካቸው የተሠራ ሽፍን ጫማ ነው። ጤና ጣቢያ የነገሯቸውም ውድ ነገር አልነበረም፦ በሳሙና መታጠብ፣ በጸረ ተሕዋስያን መዘፍዘፍ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ። ይህ እንክብካቤ በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ፣ ሰው ተነስቶበት የሚተኛባቸውን ቀናት እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት ተረጋግጧል። ለእታለም ሳሙናና ቅባቱን ገዝተን ተመለስን።

ቤት ውስጥ ሥርዓት ወጣ። ማታ ማታ ቦቱ ከውጭ ይታጠባል፤ ውስጡ አፈር ገብቶ ከሆነ ይለቀለቃል፤ አፈር ውስጡ ይዞ የሚዞር ቦት ባዶ እግር ከመሄድ አይለይም። ከዚያ አፉን ወደ ታች አድርጎ እንጨት ላይ ይሰቀላል፤ እሳት ዳር አይቀመጥም፣ ይገግማል። እግርም ይታጠባል፣ በጣቶች መካከል ሳይቀር ይደርቃል። ካልሲ ሁለት ጥንድ፤ አንዱ ሲለበስ አንዱ ይታጠባል። በዚህ ዝናብ ካልሲ ማድረቅ ምን ያህል ጣጣ እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል፤ አጎቴ ምጣዱ ያለበት ጎጆ ጣሪያ ሥር ገመድ ወጠሩለት።

ልመለስ አንድ ቀን ሲቀረኝ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በረንዳው ላይ ከእታለም ጋር ተቀምጠን ዝናቡ ሲያባራ እንጠብቃለን። ልጁ ፈረሱን ውኃ አጠጥቶ እየሳበ መጣ። አዲሶቹ ቦቶች በገመድ ታስረው ፈረሱ አንገት ላይ ግራና ቀኝ ተንጠልጥለዋል፤ አንድ ጠብታ ጭቃ የለባቸውም። ልጁ እስከ ባቱ ቀይ ነው።

«ምነው?» አልኩት።

«እንዳይቆሽሽ ብዬ ነው፣ ወንድምዓለም። ለእሑድ።»

እኔ ልቆጣ አፌን ስከፍት እታለም እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አደረጉ። «ና እስቲ አንተ፣ ወደዚህ» አሉት። ቀረበ። ሰው ፊት አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ፤ የቀሚሳቸውን ጫፍ ያዙና እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡት። ምንም አልተናገሩም። ልጁ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ከበረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ በጣሳ ያቀረብኩለትን ውኃ እግሩ ላይ ማፍሰስ ጀመረ።