የይለፍ ቃሉን ያስቀየርኩት እኔ ነኝ

ዛሬ የምጽፍላችሁ ባለቤቴን «ተሳስቻለሁ» ለማለት ስላስቸገረኝ ነገር ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን አራዳ ውስጥ፣ ከፒያሳ ብዙም ሳይርቅ ትገኛለች። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት መሰብሰብ ሲቀር አምልኮውን በዩቲዩብ ለማስተላለፍ ዋይፋይ አስገባን። ጉባኤው ሲመለስም ዋይፋዩ አልተነሣም። ባለፈው ዓመት ታዲያ ከዩኒቨርሲቲ ዶርም የሚመጡ ልጃገረዶች ማታ ማታ ከቢሮው ጀርባ ያለው ደረጃ ላይ መቀመጥ ጀመሩ። አንገታቸውን ደፍተው ስልካቸውን ያያሉ፤ አልፎ አልፎ ይሳሳቃሉ። አዳራሹ ውስጥ ጸሎት እየተደረገ አንዷም አትገባም።

ተናደድኩ። ለባለቤቴ «የጌታን ቤት ኢንተርኔት ካፌ አደረጉት!» አልኩት። እንደ ልማዱ «እንጸልይበት» አለኝ። (የመጋቢ ሚስቶች ይህ መልስ ምን ማለት እንደ ሆነ ታውቃላችሁ።) እኔ ግን ሳልጸልይ፣ በሚዲያ ክፍል የሚያገለግለውን ወጣት ጠርቼ የይለፍ ቃሉን አስቀየርኩ።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ልጅ ላፕቶፕ አቅፋ መጣች። «እትዬ፣ ኢንተርኔቱ ተበላሸ እንዴ?»

«ምን ልታዪበት ነው?» አልኳት፤ ድምፄ ለስላሳ አልነበረም።

ከፍታ አሳየችኝ። የመውጫ ፈተና መለማመጃ ጥያቄዎች ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ይህን ፈተና በኮምፒውተር ተፈትኖ ከመቶ 50 ካላመጣ አይመረቅም። ኖቱም ጥያቄውም የሚመጣላቸው በቴሌግራም ነው። የመጀመሪያዎቹ ተፈታኞችማ ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ታግደው ሳለ ነበር የተዘጋጁት።

«ዶርማችሁ ዋይፋይ የለም?»

አለ። ግን መሣሪያው የተሰቀለው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነው፤ ስድስት ሆነው የሚኖሩበት ክፍል ግድግዳውን አልፎ አይደርስም። ማታ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲከፍቱት ይንቀራፈፋል። ስለዚህ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተነሥተው፣ ጋቢ ተከናንበው ኮሪደር ላይ ይቆማሉ። ገንዘብ ያላት የሞባይል ፓኬጅ ትገዛለች፤ እርሷ የላትም። «ሁላችንም እናጠናለን ብዬ አልዋሽዎትም» አለች፤ «ፊልም የምታወርድም አለች። እኔም አንዳንዴ።»

የነካኝ ይህ የመጨረሻው ቃሏ ነው።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ፒያሳን ረሳሽው?» አለኝ።

በ1995 ዓ.ም. እኔ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ፤ እርሱ ሐዋሳ ያገለግል ነበር። ተጫጭተናል፤ የምንገናኘው ግን በኢሜይል ብቻ ነው። ከሲኒማ ኢትዮጵያ ወረድ ብሎ ወደነበረ ኢንተርኔት ካፌ እየሄድኩ በደቂቃ እከፍል ነበር፤ ገጹ እስኪከፈት ድረስ ገንዘቤ ያልቃል። አንድ ማታ ከዚያ ስወጣ ያየኝ ሰው ለሽማግሌዎች ተናገረ። «ከማን ጋር ነው የምትጻጻፊው?» ተብዬ ተጠየቅሁ። ያን ዕለት እስከ ቤቴ ድረስ አልቅሻለሁ። ካፌው የነበረበት ቤት በ2016 ዓ.ም. ከፈረሱት የፒያሳ ቤቶች አንዱ ነው፤ እኔም አብሬ ረስቼው ኖሯል።

ካህኑ ዔሊ ሐናን «ሰክራለች» ብሎ እንደ ጠረጠራት ለወጣቶች ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ! ዔሊ እንኳ መልሷን ሰምቶ በሰላም ሰደዳት። እኔ ሳልጠይቅ ነው በሩን የዘጋሁት።

ወገኖቼ፣ ሌሊት ስልክ ይዞ ብቻውን የሚቀመጥ ወጣት የሚገጥመውን ፈተና አቃልዬ አላየውም። በዚህ የቆሰሉ ትዳሮች ለምክር ወደ እኛ መጥተዋል። ሽማግሌዎቻችንም ይህንኑ አንሥተው፣ የወርሃዊ ክፍያውንም አንሥተው ረጅም ሰዓት ተከራከሩ። በመጨረሻ የሰንበት ትምህርት ክፍሉ በሳምንት ሦስት ቀን ከአሥራ አንድ ሰዓት እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት እንዲከፈት ተስማሙ። ጠረጴዛም መብራትም አለው። ከተማሪዎቹ ወደ ጸሎት የሚገቡት ሁለት ብቻ ናቸው። ሻይ የማፈላው ለሁሉም ነው።

ያችን ልጅ ፈልጌ አገኘኋትና የይለፍ ቃሉን ያስቀየርኩት እኔ መሆኔን ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኋት። አቀርቅራ ቆየችና ሳቅ አለች።

«እትዬ፣ ታዲያ አዲሱ ምንድን ነው?»