ስለ ማንቶቫ ከተማና ስለ ዱባ ቶርቴሊ

በኢጣልያ አገር በሎምባርድያ ክፍል ማንቶቫ የምትባል ጥንታዊት ከተማ አለች። ሚንቾ የሚባለው ወንዝ 3 ሐይቆች ሆኖ በዙሪያዋ ስለ ተኛ ከሩቅ ለሚመለከታት በውኃ ላይ የተቀመጠች ትመስላለች። ስመ ጥሩው የሮማ ባለቅኔ ቪርጂል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ70 ዓመት የተወለደው በዚችው ከተማ አጠገብ ነው። ጎንዛጋ የሚባሉ መሳፍንትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1328 ዓ.ም. ጀምረው 400 ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ገዝተዋታል። ዛሬ ግን የምንጽፈው ስለ ግንባቸው ሳይሆን ስለ ከተማይቱ ማዕድ ነው።

የማንቶቫ ሰዎች ከሚመኩበት መብል አንዱ ቶርቴሊ ነው። ይኸውም በስሱ በተዳመጠ ሊጥ ውስጥ መሙያ ገብቶበት በፈላ ውኃ የሚቀቀል ፓስታ ነው። በቦሎኛ ከተማ መሙያው የእሪያ ሥጋ ስለሆነ ለእኛ ሰው አይስማማም፤ በማንቶቫ ግን የሚሞላው በዱባ ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ዱባውን መቀቀል አይገባም፤ ውኃ የያዘ መሙያ ሊጡን ያፈርሰዋልና። ስለዚህ በምድጃ ተጠብሶ ይላማል፤ ከዚያም ከመራራ ለውዝ የተሠራ ብስኩት ደቅቆ፤ የተፈገፈገ ደረቅ አይብ፤ ጥቂት ገውዝ፤ በሰናፍጭና በስኳር የተዘፈዘፈ ፍሬም ተከትፎ ይጨመርበታል። ጣፋጩ፤ መራራውና የሚያቃጥለው በአንድነት ይገኙበታል።

ለሊጡ በ100 ግራም የስንዴ ዱቄት 1 እንቁላል ይመደባል። ዱቄቱ በገበታ ላይ ተከምሮ መካከሉ ይጎደጉዳል፤ እንቁላሉ በዚያ ይፈስሳል። እስኪለሰልስ ድረስ ታሽቶ፤ ተሸፍኖ ግማሽ ሰዓት ያህል ያርፋል። ያላረፈ ሊጥ ቢዳምጡት ተመልሶ ይሰበሰባል። ከዚህ በኋላ በረጅም መዳመጫ እንጨት፤ እጅ ከበስተኋላው እስኪታይ ድረስ ይሳሳል። መሙያው በማንኪያ ጫፍ ልክ እየተቀመጠ ሊጡ ይታጠፍና ነፋሱ በጣት ተገፍቶ ዳሩ ይጣበቃል፤ ነፋስ የቀረበት ሲፈላ ይፈነዳል። ጥቂት ደቂቃ ተቀቅሎም፤ ሳልቪያ በሚባል መዓዛው ባማረ ቅጠል በቀለጠ ቅቤ ይቀርባል።

ይህን መብል ይልቁን የሚበሉት በልደት ዋዜማ ማታ ነው። በእነርሱ የቆየ ልማድ በዚያ ማታ ከሥጋ መከልከል ጾም ነው፤ እንቁላልና አይብ አይከለከልም። ያ ቀን በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 15 ነው። እኛ ከኅዳር 15 ጀምሮ ከጥሉላት ሁሉ ተከልክለን፤ ለገና ገና 14 ቀን ይቀረናል። እንግዲህ እነርሱ የጾም ነው ብለው የሚያቀርቡት ለእኛ ፍስክ ነው።

እኔም በዚያ ማታ ከአንድ ቤት በእንግድነት ተቀምጬ ሳለሁ ይህ ነገር አስጨነቀኝ። መብሉን ብተው ሁለት ቀን የደከሙበትን ባልቴት ማሳዘን ሆነ፤ ብበላው ሕጌን ማፍረስ ሆነ። ያ አገር ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በአገራችን ላይ ያደረሰውን ግፍ ስለማስብም፤ እምቢታዬ ቂም እንዳይመስላቸው ፈራሁ። ነገሩን በትሕትና ብገልጽላቸው ግን እመቤቲቱ አልተቀየሙም። ተነሥተው ዱቄት በውኃ አሹ፤ አይብና ብስኩት ያልገባበትን ዱባ ሞልተው፤ በወይራ ዘይት ለብቻዬ አቀረቡልኝ። ልጃቸውም በአጠገባቸው ቆማ ትማር ነበር።

አንባቢ ሆይ፤ ዶሮን በ12 ብልት ማውጣት በእኛ አገር የባለሙያ ሴት ክብር እንደሆነ ሁሉ፤ ሊጥ ማሳሳትም በዚያ አገር ክብር ነው። ሁለቱም ከእናት እጅ ወደ ልጅ እጅ ካልተላለፉ በመጽሐፍ ብቻ አይጠበቁም። እንግዳን መቀበልም ያለንን ማቅረብ ብቻ ሳይሆን፤ የእንግዳውን ሕግ ጠይቆ ማክበር ነው።