72 ሰዓት

ሥራዬ ወረፋ ነው። ሶፍትዌር ነው የምጽፈው፣ ግን አብዛኛው ቀኔ የሚያልቀው ሰርቨር ላይ ሪኩዌስት እንዳይከመር ስታገል ነው። የዶናን ድንኳኖች ፎቶ ሳይም መጀመሪያ የታየኝ ወረፋ ነበር።

ዶና ቴክሳስ ውስጥ፣ ሜክሲኮ ድንበር አጠገብ ናት። እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ላይ አሜሪካ ድንበር የሚሻገሩ ስደተኞችን ተቀብላ የምትመዘግብበት ጊዜያዊ ድንኳን እዚያ ተከለች። በኮሮና ምክንያት እንዲይዝ የታሰበው 250 ሰው ነበር። ማርች 30 ጋዜጠኞች ሲገቡ ከ4,000 በላይ ሰው አገኙ፤ አብዛኞቹ ያለ ወላጅ የመጡ ልጆች። ፎይል የመሰለ ብርድ ልብስ ለብሰው፣ ወለል ላይ ጎን ለጎን ተደርድረዋል።

ሕጉ እንዲህ ያሉ ልጆች በ72 ሰዓት ውስጥ ወደ ልጆች መጠለያ ይዛወሩ ይላል። ብዙዎቹን ግን 72 ሰዓቱ አልፏቸው ነበር። ለምን? ድንኳኑ ስለጠበበ ብቻ አይደለም። መጠለያዎቹም በኮሮና ምክንያት የሚቀበሉትን ቁጥር ቀንሰው ነበር። መውጫው ሲዘጋ ድንኳን ብትጨምሩ፣ የምትጨምሩት መጠበቂያ ነው።

እኔ ወረፋው ሲሞላብኝ የተረፈውን ሪኩዌስት እጥለዋለሁ። ተጠቃሚው «ቆይተው ይሞክሩ» የሚል ጽሑፍ ያያል፣ ትንሽ ይናደዳል፣ በቃ። የሰባት ዓመት ልጅ ግን አትጣልም። ለእሷ 72 ሰዓት ማለት ማን መጥቶ እንደሚወስዳት ሳታውቅ የምታድርበት ሦስት ሌሊት ነው።

አሁን «ጊዜያዊ ማቆያ ተሠራ» የሚል ዜና ሳነብ ስንት ሰው ይይዛል አልልም። በቀን ስንት ሰው ይወጣል ነው የምለው።